ፉከራና ምስክሩ

«እስቲ ስለ ራስህ ንገረን።»

ይህች አጭር ጥያቄ የስንቱን ባለሙያ አንደበት እንዳሰረች ለሥራ ፈተና ቀርቦ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ትምህርቱን በማዕረግ የጨረሰው፣ ስንት ድልድይ ያሠራው፣ ስንት ተማሪ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ሰው ጥያቄዋን ሲሰማ መሬት መሬት እያየ «ያው እንግዲህ... ይህን ያህል የሚወራ እንኳ የለኝም» ብሎ ይወጣል። ከአጅባር ወይም ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የገባ ወጣት ሲሆን ጭንቁ እጥፍ ይሆናል፤ ራሱን የሚያመሰግን ሰው ሲታማ እየሰማ አድጓልና። በየዐውደ ጥናቱ የሻይ ሰዓት ላይም የሚታየው ይኸው ነው። አንዱ የስም ካርዱን እያደለ የሠራውንም ያልሠራውንም ሲዘረዝር፣ በሥራ የሚበልጠው ሌላው ስኒውን ይዞ ጥጉን ይቆማል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ማብራሪያ የታወቀ ነው፤ «ባህላችን ነው» ይባላል። አበሻ ራሱን አያስተዋውቅም፣ ትሕትና ይዞታል፣ ሥራውን ሰው ይንገርለት እንጂ እሱ አይናገርም ይባላል። አባባሉ ከመደጋገሙ የተነሣ እውነት መስሎ ቆሟል። ይሁንና ይህን የሚሉን ሰዎች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። ይህች አገር እኮ ሰው ከሺህ ሰው ፊት ወጥቶ «ዘራፍ!» ብሎ የሚጮህባት፣ የገደለውን ቆጥሮ፣ የማረከውን ጥሎ፣ «እኔ የእገሌ ልጅ» እያለ የሚንጎራደድባት አገር ነበረች። ያደረገውን በአደባባይ መናገር ነውር ቢሆን ኖሮ ፉከራ ከየት ይመጣ ነበር?

እንግዲህ ነገሩ ሌላ ነው ማለት ነው። ዓባይና በሽሎ ያቀፉት የምዕራብ ወሎ ደጋ፣ ማለትም ሳይንት፣ ቦረና፣ ለጋምቦና ተንታ፣ ይህን ለመመርመር የሚመች አገር ነው። በዚሁ አካባቢ አንዱ ንጉሥ ሆኖ፣ ሌላው ሽፍታና አርበኛ ሆኖ፣ «እኔ ይህን ሠርቻለሁና እወቁኝ» ያሉ ሁለት ሰዎች ታሪክ ያልፋል። የሁለቱንም እጣ እናየዋለን። አስቀድመን ግን ወደ ፉከራው።

ማን ነህ? የማን ነህ?

ፉከራን ዛሬ የምናውቀው በበዓል ቀን ቴሌቪዥን ላይ ነው። ጎፈር የደፋ ተዋናይ ጦር እየነቀነቀ ሲንጎራደድ ስለምናይ የመድረክ ጨዋታ መስሎ ይታየናል። በዘመኑ ግን ቁም ነገር ነበር። ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር በጌታው ፊት፣ ሠራዊቱ በተሰበሰበበት ቀርቦ ሥራውን የሚያስመዘግብበት ሥርዓት ነው። መዝገቡ የሰው ጆሮ ነው። ሽለላና ቀረርቶው ሰውን ካሞቀው በኋላ ባለ ተራው ወደ ፊት ይወጣል፤ ጋሻውን አንሥቶ ጦሩን ሰብቆ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ የሚናገረው ነገር፣ ግጥሙ ሲገፈፍ፣ ሦስት ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል፤ የማን አሽከር እንደሆነ ይናገራል፤ የት ቦታ ምን እንደሠራ ይናገራል። በመጨረሻም ግዳዩን ወይም የማረከውን መሣሪያ ከጌታው እግር ሥር ይጥላል። ጌታውም እንደ ሥራው ይሸልመዋል። ሽልማቱ ለምድ ሊሆን ይችላል፣ ጋሻ ሊሆን ይችላል፣ የተጫነች በቅሎ ልትሆን ትችላለች፤ የሚናፈቀው ግን ሹመቱና መሬቱ ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ዛሬ የሥራ ልምድና የትምህርት ማስረጃ ብለን በወረቀት የምንጽፈውን ያ ሰው በአፉ ያደርገው ነበር። የማን ልጅ መሆኑ የትውልድ መግለጫው ነው። የማን አሽከር መሆኑ የቀድሞ አሠሪው ነው። የሠራው የሠራው ነው።

ልዩነቱ ያለው ከሰሚው ላይ ነው። ፎካሪው የሚናገረው አብረውት በዘመቱ ሰዎች ፊት ነው። አጠገቡ የተዋጋው አለ፤ ሲሸሽ ያየው አለ፤ «ያ ግዳይ የእኔ ነው» የሚል ባላንጣም አይጠፋም። ውሸት የፎከረ ሰው ከሰልፉ መሐል የሚያቋርጠው አያጣም፤ ያን ዕለት ባያቋርጡት እንኳ ማታ ጠላ ቤት ስሙ ይነሣል። የአደን ሕግ ይህን ጉዳይ እስከ ጥግ አድርሶት ነበር። አውሬውን ማን ጣለው ሳይሆን መጀመሪያ ማን አደማው ተብሎ በምስክር ይጣራል፤ ግዳዩም ለመጀመሪያው ይፈረዳል። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው የሚያገኘው ክብር የሚያስጎመጅ ስለነበር ያለ ምስክር ማንም አይታመንም።

ስለዚህ ነውር የተባለው ራስን መናገር አልነበረም፤ ምስክር በሌለበት ራስን መናገር ነበር። ጎረቤቱ ስለማያውቀው ዘመቻ በሰርግ ቤት የሚያወራ ሰው «ጉረኛ» ይባላል። ያንኑ ነገር ባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ የተናገረ ደግሞ «ጀግና» ይባላል። ንግግሩ አንድ ነው፤ የሚለየው የሰሚው ማንነት ነው። ይህን ልዩነት ስንዘነጋ ነው ባህላችን ዝምታ ብቻ የሚመስለን።

ፉከራው የሁሉም ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ማለት ያስፈልጋል። የደጋው ገበሬ ብርድና ውርጭ ችሎ ገብሱን ሲያስገባ «ዘራፍ» የሚልበት አደባባይ አልነበረውም። የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና የሚሠራውም እንዲሁ። ፎካሪው የሚነቀንቀውን ጦር የቀጠቀጠው ሰው ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ሙያው ሲነሣ በስድብ እንጂ በክብር አልነበረም፤ ቡዳ እየተባለ በጎን ይታይ ነበር። ሴቶች ደግሞ የሌላውን ሥራ እንጂ የራሳቸውን የሚናገሩበት ቦታ አልተሰጣቸውም። ለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ጀግንነትና ደግነት፣ ያረሰውንና ያበላውን፣ አንድ በአንድ በሙሾ ትዘረዝራለች፤ የእሷን አሟሟትና አኗኗር ማን ይዘርዝር? ለምስክርነት ያን ያህል ክብር የሰጠ አገር ምስክር የነፈጋቸው ሙያዎች ብዙ ነበሩ። የአገሪቱ የእጅ ሥራ ለምን ቀረ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ይህንን ቢያስቡበት አይከፋም።

የፈረስ ስም የሚባለውም ነገር ከዚሁ የሚመደብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ስሙ የፈረሱ ነው፤ ፈረሱ ግን ባለቤቱን ይዞ ይሮጣል። አባትና እናት ካወጡት ስም ይልቅ በሥራ የተገኘው ስም ገዝፎ ሰውየው ሳይደርስ ስሙ ቀድሞ ይደርሳል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ሕዝብ የስምን ነገር እንደ ቀልድ አላየውም።

ከአደባባዩ ወደ ደጁ

ሥራ ሠርቶ መፎከር አንድ ነገር ነው፤ ጌታው ዘንድ ደርሶ መታወቅ ሌላ ነገር ነው። በዚህ በኩል ደግሞ ደጅ ጥናት የሚባል ታላቅ ትምህርት ቤት ነበረን። ሹመት ፈላጊው፣ የተነጠቀ ርስት ያለው፣ ከሹመቱ የተሻረው ሁሉ ከመኳንንቱ ደጅ ይሰነብታል። ሲነጋ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲጓዝ ከበቅሎው ኋላ ይከተላል። አጋፋሪውንና እልፍኝ አስከልካዩን መልመድ፣ ባለሟሉን በእጅ መንሻ ማለሳለስ፣ አማላጅ መፈለግ ነበረበት። ወር የቆየ አለ፤ ዓመት የቆየም አለ። ዛሬም «ሰው አለህ?» እንባባል የለ? ያ ጥያቄ የተወለደው እዚያ ደጅ ላይ ነው።

ደጅ ጥናትና ፉከራ በአንድ ቤት የኖሩ ባላንጣዎች ናቸው። ፉከራ «የሠራሁትን ስሙ» ይላል፤ ደጅ ጥናት «ፊቴን ልመዱ» ይላል። በጦርነት ጊዜ ፉከራው ይበረታል፤ ጌታው ተዋጊ ይፈልጋልና። በሰላም ጊዜ ግን ደጅ ጠኚው ያሸንፋል፤ ዘወትር የሚታየው እሱ ነውና። የዘመተው ሰው አገሩ ተመልሶ ሲያርስ፣ ያልዘመተው ደጁን ይዞ ይሾማል። ይህ በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደተፈጸመ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ነገሩን በደንብ የያዘው ቤተ ክህነት ነው። ይህ ደጋ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አገር ነው፤ ጋስጫ ያለው በቦረና ነው። ተድባበ ማርያምም በሳይንት ናት። የቤተ ክህነቱ ሰው በጽሑፍ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ የብራና መጽሐፍ የጻፈ ሰው መጨረሻው ላይ «ኃጥእ ወአባሲ» እያለ ነው ስሙን የሚያሰፍር፤ ቢሆንም ስሙን ማስፈሩን አይተወውም! ወደ አዲስ ደብር የሄደ ሊቅ ደግሞ «ማን ነህ?» ሲባል ስለ ራሱ ዕውቀት አያወራም፤ መምህራኑን ይጠራል። ቅኔ ከማን ዘንድ እንደተቀኘ፣ ድጓን የት እንደዘለቀ ይናገራል። ድጓ ከሆነ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ፣ አቋቋም ከሆነ ጎንደር ሄዶ ካላስመሰከረ መምህር አይባልም።

«አስመሰከረ» የምትለዋን ቃል ቆም ብለን እንያት። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው «ተመረቀ» ከመባሉ በፊት «አስመሰከረ» ይባል ነበር፤ ምስክር አስቆመ ማለት ነው። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ቃሏ አልተለየችንም፤ ትምህርት ቤት የሚሰጠንን ወረቀት «የምስክር ወረቀት» አልነው። ቋንቋችን ራሱ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው በምስክር እንጂ በባዶው እንደማይታመን ይዞ ቆይቷል። ችግሩ ምስክርነቱ ከሰው ወደ ወረቀት መዛወሩ ነው። ሰው ሲዋሽ ፊቱ ይታያል፤ ወረቀት ግን ፊት የለውም። በቅርብ ዓመታት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ እንደገና ወደ ሰጪው ተቋም እየላኩ ሲያጣሩ ስንቱ ሐሰተኛ ሆኖ እንደተገኘ ሰምተናል። ወረቀቱ ምስክር ነው፤ አሁን ለወረቀቱም ምስክር ሊፈለግለት ሆነ።

ለንደን የደረሰው ፉከራ

ከሳይንት ብዙ ሳይርቅ፣ ከበሽሎ በስተደቡብ በተንታ በኩል፣ መቅደላ አምባ አለ። አምባው ላይ ዛሬም ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተቀምጧል። ስለ መቅደላ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጦርነቱና ስለ ተዘረፈው ቅርስ ነው። እኔ ግን ነገሩ የጀመረው አንድ ሰው ራሱን ለማስተዋወቅ በጻፈው ደብዳቤ መሆኑን ነው ማንሣት የምፈልገው።

የቋራው ካሣ በዘር የሚፎክርበት ብዙ አልነበረውም። ባላንጣዎቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይዘልፉት ነበር። ስለዚህ በሥራው ፎከረ። በ1845 ዓ.ም. ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን አሸነፈ፤ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ በዚያው ዓመት ወደ ወሎ ዘመተ፤ በ1848 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መቅደላን ያዘ። አገር ውስጥ ይህን ሁሉ ለማስረዳት ምንም ማለት አላስፈለገውም። ያየው ሰው ሞልቷል፤ የተሸነፈውም ምስክሩ ነው።

የቸገረው ከባሕር ማዶ ነው። በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን ሳነበው የፉከራው ሥርዓት ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ «ዘራፍ» የለበትም እንጂ። አስቀድሞ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ አባቶቹ ነገሥታት ፈጣሪን ቢበድሉ መንግሥታቸው መወሰዱን፣ እሱን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሠው። ከዚያ የሠራውን ይናገራል። ከዚያ ያላለቀውን፣ ከቱርክ ጋር ያለውን ጠብ ይናገራል። ከዚያም ምስክር ይጠራል፤ የእንግሊዙን ቆንሲል ፕላውደንንና ባልንጀራው የነበረውን ጆን ቤልን። ስለ ንግሥቲቱ ክርስቲያንነትና ወዳጅነት የነገሩት እነሱ መሆናቸውን፣ እነሱን የገደሉትንም መበቀሉን ይገልጻል። በመጨረሻ መልእክተኞቹ በሰላም የሚያልፉበት መንገድ እንዲዘጋጅለት ይጠይቃል።

በአበሻ ሥርዓት ይህ ደብዳቤ እንከን የለውም። ትውልድ አለ፣ ሥራ አለ፣ ምስክር አለ፣ ጥያቄውም በመጨረሻ መጥቷል። ግን ምስክሮቹ ሁለቱም ሙታን ነበሩ። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ ቆስሎ ሞቷል። ቤልም ያንኑ ዘመን ከቴዎድሮስ ጎን ሲዋጋ ወድቋል። ለንደን ላይ «አዎ፣ እኔ አውቀዋለሁ፤ የሚለውን ያህል ነው» የሚል ሕያው ሰው አልነበረም። ደብዳቤውን የተቀበለው አዲሱ ቆንሲል ካሜሮን ለንጉሡ እንግዳ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ካሜሮን ይዞት ከመጣው ከንግሥቲቱ የተላከ ሽጉጥ ላይ ቴዎድሮስ ለፕላውደን ስላደረገው ደግነት የምስጋና ቃል ተቀርጾ ነበር። የሟቹ ምስክርነት አንድ ጊዜ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ምስክሩ ከሞተ በኋላ ግን ወሬው ቀዘቀዘ።

ደብዳቤው በ1855 ዓ.ም. አጋማሽ ለንደን ደረሰ፤ መልስ ሳይጻፍለትም ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። ንጉሡ ጠበቀ፤ ካሜሮን መልስ ሳይዝ ተመለሰ፤ በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንና ሌሎች ታሰሩ። መልስ ይዞ የተላከው ራሳም ከንጉሡ ፊት የቀረበው በ1858 ዓ.ም. ነበር፤ እሱም ቆይቶ ከእስረኞቹ ተደመረ። በመጨረሻም 13,000 ያህል ወታደር ያለው የናፒየር ጦር መጣ።

አንድ ሰው ደብዳቤ ባለመመለሱ ጦርነት ተነሣ ማለት ነገሩን ማቅለል ነው፤ የቱርክና የግብፅ ጉዳይ ነበረበት፣ የቴዎድሮስም ግልፍተኝነት ነበረበት፣ በአገር ውስጥ ዐመፁ በርትቶበት ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር እውነት ነው። አንድ የማይታወቅ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር መልስ መንፈግ ስድብ እንደሆነ ቴዎድሮስ በአበሻነቱ ያውቃል። በአደባባይ ፎክሮ ጌታው ቀና ብሎ ያላየው ወታደር ምን እንደሚሰማው ማሰብ ይበቃል።

ቴዎድሮስ ራሱ የሰውን ሙያ የሚመዝነው በወረቀት አልነበረም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈራቸው አውሮፓውያን ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እሱ ግን «መድፍ ሥሩልኝ» አላቸው። አናውቅም ቢሉም አልለቀቃቸውም፤ እየወደቁ እየተነሡ ሠሩት። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ገደል እየተናደለት፣ የበሽሎን ቁልቁለትና ዳገት አልፎ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ በገዛ እጁ ድንጋይ ያነሣ ነበር። ለእኔ ያ መንገድ ከመድፉ ይበልጣል። የዕደ ጥበብ ሰው በሚናቅበት አገር አንድ ንጉሥ ባለሙያን ከጎኑ አቁሞ የሠራው ሥራ ነውና።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያው ሆነ። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሲወድቅ ከእንግሊዞቹ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጁ ሞተ፤ የጠጣው ሽጉጥ ያው ከንግሥቲቱ የተላከለት እንደሆነ ይነገራል።

እናቱ ያወጣችለት ስም

ሁለተኛው ሰው በላይ ዘለቀ ነው። በጎጃም ስሙ ገንኗል፤ ልደቱን ግን ብዙዎች ከዓባይ ወዲህ፣ በቦረና ሳይንት ጫቀታ ከሚባለው ስፍራ ያደርጉታል። የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ነው። ጣልያን አገሪቱን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቢቸናን ይዞ ከዓባይ በረሃ እየወጣ ጠላትን ያስጨነቀ፣ የራሱን ሠራዊት ያቆመ፣ በያዘው አገርም ዳኝነት የሰጠ አርበኛ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ላይ ስለነበሩ የሚሾም ጌታ አልነበረም። በላይ ታዲያ ራሱ ሾመ። ተከታዮቹን ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ከዚያም በላይ እያለ ማዕረግ ሰጣቸው። አንተስ ምን ትባላለህ ሲሉት ማዕረግ አልፈልግም፣ እናቴ «በላይ» ብላ ስም አውጥታልኛለች፣ ከዚህ የሚበልጥ የለም እንዳለ እስከ ዛሬ ይተረካል። በቃላት ጨዋታው ብዙ ሰው ይስቃል። እኔ ግን የአንድ ሰው የመተማመን መጠን ይታየኛል። አብሮት የተዋጋው ሁሉ በሚያውቀው አገር ማዕረግ ምን ያደርግለታል? ፉከራውን የሚመሰክርለት የዓባይ በረሃ ሁሉ ነው።

ነጻነት መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ ገቡ። አርበኛው፣ ስደተኛው፣ ባንዳ የነበረውም ሁሉ ወደ አንድ ደጅ ተሰበሰበ። ሥራ የሠራ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የአገሪቱ ትልቁ ጥያቄ ሆነ። ለአርበኛ የሚሰጥ ሜዳልያ ነበር፤ ለስደተኛ የሚሰጥም ሜዳልያ ነበር። መሬት ሲታደልም አርበኝነቱን የሚያስመሰክር ሰው ተፈለገ። መቼም ምስክር እንደዚያ ዘመን የተወደደበት ጊዜ የለም። ሰው ባልዋለበት ጦር ሜዳ ምስክር ሲቆጥር፣ የዋለበት ደግሞ ምስክሮቹ አብረውት ወድቀው ባዶ እጁን ሲቀር የታየበት ዘመን ነው። ደጁን ቀድሞ የያዘው ግን ከንጉሡ ጋር የቆየውና ከንጉሡ ጋር የተመለሰው ነበር።

በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ተሾመ። ራሱ ደጃዝማች ይሾም ለነበረ ሰው ይህ ምን ሊመስለው እንደሚችል አያስቸግርም። ከእሱ በታች የተዋጉ፣ ጭራሽም ያልተዋጉ፣ ከእሱ በላይ ሆነው አያቸው። ማዕረግ ከዙፋን እንጂ ከበረሃ አይወጣም የሚለው የቤተ መንግሥቱ ሕግ የእሱን ሹመቶች ሁሉ ባዶ አደረጋቸው። ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ማድረጉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማንም ሽፍታ ራስ እየሾመ አገር አይጸናም። ነገር ግን በላይ ደጅ መጥናት አያውቅበትም ነበር። አደባባይ እንጂ ደጅ አልለመደም። ከሹማምንቱ ጋር ተቃቃረ፤ ጠቡ ወደ ተኩስ ደረሰ፤ ተይዞ አዲስ አበባ መጣ። የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ተለውጦለት ሳለ ከእስር ቤት አመለጠ፤ ብዙ ሳይርቅ ተያዘ። በ1937 ዓ.ም. ጥር ላይ ጠላት በተባረረ በአራተኛው ዓመት አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተገደለ።

እንደ ቴዎድሮስ ሁሉ የእሱም ፉከራ ከሚያውቁት ሰዎች ክልል ሲወጣ ነው የወደቀው። ቴዎድሮስ ባሕር ተሻገረ፤ በላይ ዓባይን ተሻገረ። ከዓባይ ማዶ እያንዳንዱ ገበሬ ሊመሰክርለት ይችል ነበር፤ ገበሬው ግን ከችሎቱ አልተጠራም፤ ቢጠራም የገበሬ ቃል ከእልፍኝ አስከልካዩ ቃል አይስተካከልም ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ በስሙ የሚጠራ መንገድ አለ። ሰሌዳው ደጃዝማች ቢለውም ባይለውም መንገደኛው ማዕረጉን አይጨምርበትም። መንገዱን የጠየቁት ሰው «በላይ ዘለቀ» ይላል፣ በቃ።